አጥር የሚያዘልል ደንብ

መስከረም ላይ ልጅ ያስመዘገበ ሰው ወረቀቱን ያውቀዋል። ክፍያው አልቆ፣ ጉርድ ፎቶው ተለጥፎ፣ መጨረሻ ላይ "የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ" ይሰጡታል። ማርፈድ ክልክል ነው። ስልክ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ፀጉር ማቅለም፣ በዲዛይን መቆረጥ ክልክል ነው። ሱሪ ማጥበብ ክልክል ነው። ያለፈቃድ ከግቢ መውጣት በጥብቅ ክልክል ነው። ወላጅ ይፈርማል፣ ተማሪ ይፈርማል፣ ያነበበው የለም፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። የሚወጣው ልጁ ያጠፋ ቀን ነው።

ይህንኑ ወረቀት ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ያለው ሁሉ ይፈርመዋል። የኔ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባው ልጅ ገና 15 ዓመቱ ነው። አስራ ሁለተኛ የደረሰው ብዙውን ጊዜ 18 ሞልቶታል፣ ሕገ መንግሥቱ ምረጥ ይለዋል፣ ዘበኛው ግን ምሳ ሰዓት ላይ በር አይከፍትለትም። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልተከሰሰ ልጅና አራት ዓመት ሙሉ ዩኒት ሊደሩን ሲያሯሩጥ የኖረ ልጅ በመጨረሻዋ ሳምንት ያላቸው ነፃነት እኩል ነው። ማለትም ምንም።

ሃይስኩሎቻችን ከተማሪ መቀማት በደንብ ይችሉበታል። ደረጃ በደረጃ መስጠት ግን አልለመዱም። ልጁ በሥነ ሥርዓት ስለኖረ የሚያገኘው፣ ሲያበላሽ የሚያጣው፣ አስተካክሎ ሲመለስ ደግሞ መልሶ የሚያገኘው ነገር የለም። የሚያጣው ነገር የሌለውን ልጅ በምን ትይዘዋለህ? በፍርሃት። ፍርሃት ደግሞ የሚሠራው የሚፈራው ሰው ቆሞ እስካለ ድረስ ነው።

ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፣ ዱላ ነበረ። ወላጅ ልጁን ለመምህሩ ሲያስረክብ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ ይል ነበር ይባላል፤ ሌላው የመምህሩ ነው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ይህን ዘጋው። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም አካላቸው ላይ ከሚፈጸምና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቤት ውስጥ ወላጅ ለሚወስደው "ተገቢ" እርምጃ በር ትቷል፤ ትምህርት ቤትን በተመለከተ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፣ መምታት የለም።

በወረቀት ማለቴ ነው። በተግባር ቱቦው ከቢሮ በር ጀርባ አሁንም ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል፣ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ግን በስንት ጣዕሙ እንበልና ዱላው የቀረባቸውን እንይ። ዱላው ሲወጣ በቦታው የተተካ ነገር አልነበረም። መምህሩ 60 እና 70 ልጅ ፊት ቆሞ ባዶ እጁን ቀረ። ብመታ ሕግ አለ፣ ባልመታ ክፍሉ አይያዝም ይላል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ ያገኘውን አነሳ። ተንበርከክ። ሣር እጨድ። ሽንት ቤት እጠብ። ውጣልኝ። ወላጅ አምጣ።

የማርፈድ ቅጣትን ብቻ ውሰዱ። በሩ ከሰልፍ በኋላ ይዘጋል። ታክሲ አጥቶ አስር ደቂቃ የዘገየ ልጅ ሁለት ፔሬድ ውጭ ይቆማል። አስር ደቂቃ ማርፈዱ ጥፋት ነው ብለን ሰማንያ ደቂቃ ትምህርት እናስመልጠዋለን። እሱም ቆሞ አይጠብቅም፣ ጆተኒ ቤት ይሄዳል፣ ወይ ፕሌይስቴሽን ቤት፤ ከዚያ ያነሱ ቤቶችም በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ አሉ። እዚያ ከገባ በኋላ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ የሚመለስ ስንት ነው? ደንቡ ራሱ መፎረፍ አስተማረው።

"ወላጅ አምጣ" ደግሞ የራሱ ኢኮኖሚ አለው። ሃይስኩል የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ወላጅ ይከራያል። በር ላይ ያለው ሊስትሮ አጎት ይሆናል። ጉልት የምትሸጠው ሴትዮ አክስት ትሆናለች። የሻይ ይሰጣቸዋል። ኪራዩ የሚያዋጣው ደግሞ አጎትየው ትወናውን ሲያበዛው ነው፦ ቢሮ እንደገባ "አንተ ባለጌ! እናትህ ለዚህ ነው የምትለፋልህ!" ብሎ ልጁን በጥፊ ያጋጨዋል፣ ዩኒት ሊደሩ ደንግጦ ይነሳል፣ "ተዉ ጋሼ፣ ይረጋጉ እንጂ፣ ልጅ አይደል፣ ሁላችንም አጥፍተናል" እያለ የከሰሰውን ልጅ ራሱ ይለምንለታል። ልጁ ፈርሞ ይወጣል። አጎት በር ላይ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ለጥፊው ጭማሪ ካልጠየቀ።

እናስቃለን፣ ግን እውነተኛው ወላጅ ሲመጣ አያስቅም። ልብስ አጥባ የምታድር እናት የቀን ገቢዋን ትታ ትመጣለች። ነጠላዋን አስተካክላ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሏታል፣ ትጠብቃለች። ስትገባ ልጇ ፀጉሩን እንዴት እንደተቆረጠ ይነገራታል። ጥፋቱ የልጁ፣ ቅጣቱ የእናትየው። ተመልሳ ቤት ስትገባ የምታደርገውን ደግሞ ሁላችንም እንገምታለን፤ ትምህርት ቤት የተከለከለው ዱላ ቤት ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልምጣ፣ ወደሚሰጠው ነገር። ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ሰኔ ላይ ሽልማት አለ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት መዝገበ ቃላትና ደብተር ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። ይኼ የውጤት ሽልማት ነው። በ70 ልጅ ክፍል ውስጥ 27ኛ የወጣች፣ አንድ ቀን ሳትቀር ዓመቱን የጨረሰች ልጅ እዚያ ስሟ አይጠራም። ካርዷ ላይ ግን "ጠባይ" የሚል ቦታ አለ፣ "የቀሩባቸው ቀናት" የሚልም አለ። ጠባይ ኤ። ለሁሉም ኤ ነው፣ የተጋጨውም ያልተጋጨውም ኤ፣ ሆምሩም መምህሩ ሰኔ ላይ 70 ካርድ ሲሞላ ማን ምን እንዳደረገ ያስታውሳል ብላችሁ ነው? ዓመት ሙሉ የተያዘ መዝገብ ከሌለ ኤ መጻፍ ይቀላል። የሚገርመኝ ይኼ ነው፣ መሣሪያው ካርዱ ላይ ታትሞ ተቀምጧል፣ የሚጠቀምበት የለም።

ሌላው የክፍል አለቅነት ነው። አለቃ መሆን ትልቅ አደራ መሆን ነበረበት። በተግባር አለቃው መምህር በሌለበት የረባሽ ስም ይጽፋል። ጓደኛው ከሆንክ አይጽፍህም፣ ካልሆንክ አንድ ሳምቡሳ ትገዛለህ፣ ስምህ ይሰረዛል። በኋላ ደግሞ አንድ ለአምስት የሚባለው የቡድን አደረጃጀት መጣ፣ ጎበዙ ሌሎቹን እንዲያግዝ ተባለ፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ግን ሪፖርት ሲበዛበት ማገዙ ቀርቶ ፎርም መሙላት ሆነ፤ ብዙ ቦታም ቡድን መሪው እንደ ጆሮ ጠቢ ይታይ ጀመር።

አደራ መስጠት ለባህላችን አዲስ አይደለም። የቆሎ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ብታዩ የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው ያስቀጽላል። የኔታ ሁሉንም ራሳቸው አይዙም። ፊደል የለየው ፊደል ላልለየው፣ ዳዊት የደገመው ለንባብ ተማሪው ነው። ያ ቤት ዱላም ነበረበት፣ ላሳምረው አልፈልግም። ግን አንድ ልጅ በቆየና ባወቀ ቁጥር ቦታው ይለወጥ ነበር፣ ይኼ ለሁሉም ይታይ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዱላውን ወርሶ አደራውን ጣለው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ተጠራቅሞ የሚታየው ማትሪክ ላይ ነው። በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቆ አገር አቀፉ ፈተና ተቋረጠ፣ በድጋሚ ሲሰጥ መንግሥት በዚያ ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ዘጋ። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቆመም፣ አጤሬራው በቴሌግራም ተተካ። በ2015 መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር ተፈታኞችን ሁሉ ጠቅልሎ ዩኒቨርሲቲ አስገባ። ስልክ የለም፣ ፍተሻ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የሚፈትነው የራሳቸው መምህር አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጡ። ውጤቱ ሲመጣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት 3.2፣ ቀጥሎ 5.4።

የውጤቱ ምክንያት ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ መጽሐፍ የለም፣ መምህር የለም፣ ጦርነት ነበር፣ ዝርዝሩ ብዙ ነው። ነገር ግን ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ቁጥሩ እንደዚህ ከወደቀ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሥነ ሥርዓት ጠባቂ ካለ የሚሠራ፣ ጠባቂ ሲዞር የሚጠፋ እንደነበር ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አትኮርጁ የሚለው ደንብ በየዓመቱ ተፈርሟል። ለነዚህ ልጆች ግን አንዲት ትንሽ ነገር በአደራ ተሰጥቷቸው አያውቅም። ከዚያ ያለፉት ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደገቡ የሚጠይቃቸው የለም። ከሙሉ ክልከላ ወደ ሙሉ ነፃነት በአንድ የአውቶብስ ጉዞ። ፍሬሽማን ላይ የሚወድቀው ሁሉ ሒሳብ አቅቶት ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

እሺ፣ ምን ይሰጥ? ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ሞልቷል። ባዶ ፔሬድን እንውሰድ። መምህር ሲቀር ክፍሉ ይዘጋል፣ 70 ልጅ እየጮኸ አርባ ደቂቃ ይቀመጣል፣ አለቃው ስም ይጽፋል። ለምን 12ኛ ክፍል ሆኖ በአንድ ሴሚስተር ክስ የሌለበት ተማሪ የፈቃድ ካርድ ይዞ ወደ ላይብረሪ እንዲሄድ አይፈቀድለትም? የምሳ ሰዓቱም እንደዚያው ነው፣ ቤቱ መንገድ ተሻግሮ ያለ ልጅ ቤቱ በልቶ ቢመለስ ምን ይጎዳል? በሰዓቱ ካልተመለሰ ካርዱ ለሁለት ሳምንት ይወሰዳል፣ ወላጅ አምጣ የለ፣ መንበርከክ የለ። ሚኒ ሚዲያው በየትምህርት ቤቱ አለ፣ ማይኩን የሚይዙት ግን ሁልጊዜ የመምህራን ወዳጅ የሆኑ አራት ልጆች ናቸው፤ ተራው በሥነ ሥርዓት የሚገኝ ቢሆን ስንቱ ዝምተኛ ልጅ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ስልክ ከባዱ ነው። እዚህ ላይ ከብዙ ወጣቶች ጋር አልስማማም፣ ክፍል ውስጥ ስልክ መከልከሉ ትክክል ነው። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ 15 ዓመት ላሉት በሕግ ከልክላለች፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ድረስ ነው። እዚያ አሌክሳንድሪያ ያሉ የኛ ወላጆች ልጄን በምን ላግኘው ብለው ተጨንቀዋል፣ ቢሮ መደወል እንደሚቻል እየተረሳ። ስለዚህ መከልከሉ ላይ ችግር የለብኝም። ችግሬ አያያዙ ላይ ነው። ከልጅ የተነጠቀ ስልክ እስከ ሰኔ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ሰኔ ላይ የለም ይባላል። የገዛው ወላጅ ነው እኮ፣ ስንት ወር ቆጥቦ። በሩቅ መንገድ የሚመላለስ ተማሪ ጠዋት አስረክቦ ማታ የሚወስድበት ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ቢኖር፣ ሳይደብቅ ላስረከበ ልጅ ደግሞ እምነት እየጨመረ ቢሄድ፣ ካልሲ ውስጥ የሚደበቀው ስልክ ግማሹ ይቀንስ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። "ልዩ መብት" የሚለውን ነገር ርዕሰ መምህር ሁሉ ይወደዋል፣ ምክንያቱም መብትን ሰብስቦ እንደገና በችሮታ ለመስጠት ይመቻል። ሽንት ቤት መሄድ ሽልማት አይደለም። ውሃ መጠጣት ሽልማት አይደለም። በወር አበባዋ ቀን ለመውጣት የምትጠይቅ ልጅ መጀመሪያ ጠባይሽ ይታይ ልትባል አይገባም። ሃይማኖትም እንደዚሁ። በ2017 አክሱም ላይ ሂጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች በአለባበስ ደንብ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲታገዱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሱሪ ማጥበብና ሂጃብ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሲገቡ ደንቡ የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት ጠፍቶታል ማለት ነው።

ሌላው አደጋ ድህነት ነው። ማርፈድን ብቻ ቆጥረህ ካርድ ከሰጠህ፣ ካርዱን የሚያገኘው በመኪና የሚመጣው ነው። ሌሊት ቦቴ ውሃ ስትጠብቅ ያደረች፣ ታናናሾቿን አብልታ የወጣች ልጅ ታረፍዳለች። እንጀራ ስትጋግር አድራ የምትመጣም አለች። ሆምሩም መምህር የሚያስፈልገው ይህን ለማወቅ ነው፣ ኤ ለመሙላት አይደለም። መለኪያው ልጁ ከራሱ ካለፈው ሴሚስተር ጋር የሚወዳደርበት ቢሆን ይሻላል፤ በወር ስምንት ቀን ያረፍድ የነበረ ልጅ ሁለት ቀን ሲሆን ሰው ሊያየው ይገባል።

ደግሞ ሁሉንም ነገር በከረሜላ ማድረግ አይቻልም። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተሠራ የታወቀ ጥናት፣ መሳል የሚወዱ የመዋለ ሕፃናት ልጆች ብትስሉ ሽልማት አለ ተባሉ። ሽልማቱ ቃል የተገባላቸው ልጆች በኋላ በራሳቸው ጊዜ የሚስሉት ካልተሸለሙት አንሶ ተገኘ። ስለዚህ ደብተር ለያዘ ነጥብ፣ ሰላም ላለ ነጥብ እያሉ መቁጠር ሥራውን ያረክሰዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቶ መመለስ የሚለየው፣ የሚሰጠው ነገር ራሱ ኃላፊነት መሆኑ ላይ ነው። ልጁ የሚያገኘው ተጨማሪ ነገር ሳይሆን ተጨማሪ ማበላሸት የሚችልበት ቦታ ነው፣ እዚያ ላይ ሳያበላሽ ሲገኝ ነው ያደገው።

አሜሪካኖቹ በሌላኛው ጫፍ ተምረውበታል። በ1994 እ.ኤ.አ. መሣሪያ ይዞ የተገኘ ተማሪ ለአንድ ዓመት ይባረር የሚል የፌዴራል ሕግ ወጣ፣ ከዚያ ርህራሄ የሌለው ቅጣት ለትናንሽ ጥፋቶችም ተዛመተ። በ2008 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ማኅበራቸው የሰየመው ግብረ ኃይል ትምህርት ቤቶቹ በዚህ ምክንያት ሰላማዊ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም አለ። ብዙ ሃይስኩሎቻቸው በጎን የያዙት ነገር ግን አለ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ውጭ ወጥቶ ምሳ ይበላል፣ መኪና ማቆሚያ ያገኛል፣ ቀሪ ከበዛበት ይነጠቃል። እዚያ ያሉ አበሻ ወላጆች መጀመሪያ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ "በትምህርት ሰዓት ውጭ ምን ይሠራል?" ይላሉ። ልጁ በርገር በልቶ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ለመምህር ብታወራው መጀመሪያ የሚልህ "ማን ይቆጣጠረዋል?" ነው። ትክክል ነው። ደሞዙ ወር አያደርስም፣ በሳምንት ሃያ ምናምን ፔሬድ አለበት፣ ካርድ እያደልክ መዝግብ ልትለው አትችልም። ለዚህ ነው በትንሹ መጀመር ያለበት። 12ኛ ክፍል ብቻ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ ሴሚስተር። መዝገቡን የሚይዙት ተማሪዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ልጆችና አንድ መምህር ይሁኑ፣ ካርድ የተነጠቀ ልጅ የሚናገርበት ቀን ይኑር፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻ የሚወስነው ከሆነ ሳምቡሳው ተመልሶ ይመጣል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው የመምህር ልጅ ወይም የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው ልጅ ካርዱን የተነጠቀ ዕለት ነው። ስልክ ይደወላል። ያ ካርድ በስልኩ ከተመለሰ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል፣ ፕሮግራሙም በዚያው ቀን ያልቅለታል።